ከድድ ሥር የሚከፈተው ክፍተት፤ ከጆርጅ ዋሽንግተን ጥርሶች ምን እንማራለን?



የምሠራው ካዛንቺስ ውስጥ ነው። አካባቢው ሆቴልና ምግብ ቤት፣ መሥሪያ ቤትና የስብሰባ አዳራሽ የበዛበት በመሆኑ ከታካሚዎቼ ብዙዎቹ እንግዳ በመቀበል ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዷ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው የሆቴል መስተንግዶ ኃላፊ፣ ድካም ስለበዛባቸው ሊታዩ መጡ። ሲናገሩ እጃቸውን ከአፋቸው ላይ አያነሱም ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ በታችኞቹ የፊት ጥርሶቻቸው መካከል ከድዱ አጠገብ ጥቁር ክፍተት እንደተፈጠረ፣ ምግብ እየገባ እንደሚያስቸግራቸውና በእንግዶች ፊት መሳቅ እንደተዉ ነገሩኝ። ለድካማቸው ከመጠየቃቸው በፊት የጠየቁኝ ይህ ክፍተት ይሞላ እንደሆነ ነበር።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም። ይሁንና ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። ክፍተቱ ይሞላል፤ ነገር ግን ከመሙላቱ በፊት ለምን እንደተከፈተ መታወቅ አለበት። ይህ ቅደም ተከተል ሲዛባ ምን እንደሚከተል ለማሳየት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት ላውጋችሁ። ሰውየውን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የአሜሪካን የአንድ ዶላር ኖት አይታችሁ ከሆነ፣ ከንፈራቸውን ጥብቅ አድርገው ከድነው የሚታዩት አዛውንት እርሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ይባላሉ። በታሪካቸው ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ24 ዓመት የተነቀለ ጥርስ

ጆርጅ ዋሽንግተን የተወለዱት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 በቨርጂኒያ ሲሆን፣ በወቅቱ ግዛቲቱ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው ሞቱ። በ17 ዓመታቸው የመሬት ቅየሳ ሥራ ያዙ። በ1751 የሳንባ ነቀርሳ የያዘውን ወንድማቸውን ለማስታመም ወደ ባርባዶስ ደሴት ተጓዙና እዚያ ፈንጣጣ ያዛቸው። ከሞት ቢተርፉም ጠባሳው ፊታቸው ላይ ቀረ። ወባና ተቅማጥም በወጣትነታቸው ደጋግሞ ጥሏቸዋል። በዘመኑ ለብዙ ዓይነት ሕመም የሚታዘዘው የሜርኩሪ መድኃኒት ድድ የሚያሳብጥና ጥርስ የሚያነቃንቅ ስለነበር፣ የጥርሳቸውን ጉዳት በከፊል በዚሁ የሚያመካኙ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ።

በ1756፣ ገና በ24 ዓመታቸው፣ የመጀመሪያውን ጥርስ አስነቀሉ። የሒሳብ መዝገባቸው ለነቃዩ 5 ሽልንግ እንደከፈሉ ያሳያል። በዚያን ጊዜ ረጅም፣ ጠንካራና በፈረስ ግልቢያቸው የታወቁ የጦር መኮንን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የጥርስ ሕመም፣ የድድ እብጠትና ጥርስ ማስነቀል እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተከተላቸው። በማስታወሻዎቻቸውና በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ ስለሚያብጥ ድዳቸውና ስለሚያማቸው ጥርሳቸው ደጋግመው ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ስለ ድድ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በሁለት ጥርሶች መካከል የምትገባ፣ ሾል ያለች የድድ ጫፍ አለች። ይህች ጫፍ የምትቆመው በሥሯ ባለው የመንጋጋ አጥንት ተደግፋ ነው። አጥንቱ ዝቅ ሲል እርሷም አብራ ዝቅ ትላለች። በእርሷ ቦታ ሦስት ማዕዘን ያለው ክፍተት ይቀራል፤ ከኋላው ያለው የአፍ ውስጥ ጨለማ ስለሚታይበትም ጥቁር ይመስላል። በጥናት እንደታየው፣ ሁለቱ ጥርሶች ከሚነካኩበት ነጥብ እስከ አጥንቱ ያለው ርቀት 5 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሲሆን የድዷ ጫፍ ክፍተቱን ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ትሞላለች። ርቀቱ 6 ሚሊ ሜትር ሲሆን የምትሞላው በግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ነው። 7 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ከአራት ሰው በአንዱ ላይ ብቻ። እንግዲህ የአንዲት ሚሊ ሜትር አጥንት ዋጋ ይህን ያህል ነው።

ይህን ክፍተት ከፍንጭት ጋር ማምታታት አይገባም። ፍንጭት አብሮን የሚያድግ፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ከላይ እስከ ታች ሳይነካኩ የሚቆሙበት፣ በአገራችንም የውበት ምልክት ተደርጎ የሚወደስ ነው። ድዱ ጤነኛ ከሆነ ሕክምና አያስፈልገውም። እኛ የምንናገርለት ግን ጥርሶቹ ጫፋቸው ላይ እየተነካኩ፣ ከሥር ከድዱ አጠገብ ብቻ የሚከፈተውን ነው። ጥርሶች በኋላ ዕድሜ ከቀድሞ ቦታቸው ተንቀሳቅሰው አዲስ ፍንጭት ካመጡ ግን፣ ያ ውበት ሳይሆን የአጥንት መሸርሸር ምልክት ሊሆን ይችላል።

ብሩሽ የነበራቸው ሰው

ዋሽንግተን በ1759 ማርታ ከስቲስ የተባሉትን ባለጸጋ መበለት አገቡና ማውንት ቨርነን በተባለው ርስታቸው እርሻ ማስፋፋት ጀመሩ። የዚያ ዘመን መዝገቦቻቸው ስለ ንጽሕና ግድ የማይሰጠው ሰው መዝገብ አይመስሉም። የጥርስ ብሩሽ፣ የጥርስ ዱቄትና የአፍ ማጽጃ ደጋግመው ገዝተዋል። ታዲያ ጥርሳቸውን የሚያጸዳ ሰው ጥርሱን እንዴት ያጣል?

ይህ ጥያቄ ዛሬም በካዛንቺስ ክሊኒክ ይጠየቃል። በየቀኑ ጥርሳቸውን እያጸዱ ድዳቸው የሸሸባቸው ሰዎች ግራ ይጋባሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በጥርስ ላይ የሚለጠፈው ለስላሳ ቆሻሻ በጊዜ ካልተወገደ በቀናት ውስጥ መጠንከር ይጀምርና ወደ ድንጋይነት ይለወጣል። ድንጋዩ አንዴ ከያዘ በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አይለቅም። ከድዱ በታች ሲገባ ደግሞ ጭራሹን አይታይም። በላዩ የሚራቡት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጣሉ፤ ቁጣው ሲራዘም አጥንቱ ይሸረሸራል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም ላይኖር ይችላል። ስናጸዳ የሚታየው ደም፣ የአፍ ጠረን መለወጥና የድድ መለስለስ ዋናዎቹ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችንና እህቶቻችን ደግሞ የድዱ መቅላት ስለማይታይባቸው ቀለሙን ሳይሆን መድማቱን ልብ እንዲሉ እመክራለሁ።

በተቃራኒው አለመጠን በኃይል ማሸትም ድድ ያሸሻል። ጠንካራ ብሩሽ ይዞ እንደ ብረት ድስት ወደ ጎን የሚፈገፍግ ሰው ድዱን ቀስ በቀስ ያስለቅቃል። የወይራ መፋቂያችን መልካም ባህል ነው፤ ጫፉ በደንብ ታኝኮ እስኪለሰልስ ድረስ ሳይዘጋጅ ከድድ ወደ ታች ወይም ወደ ላይ ከተገፋ ግን ይጎዳል። አቅጣጫው ከድድ ተነስቶ ወደ ጥርሱ ጫፍ መሆን አለበት።

የጥርስ መፋቂያ ብረት የጠየቀው ደብዳቤ

በ1775 የአሜሪካ ግዛቶች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ ዋሽንግተን የጦር አዛዥ ሆነው ተሾሙ። ስምንት ዓመት በፈጀው ጦርነት ውስጥ ረሃብን፣ ብርድንና የወታደሮቻቸውን መበተን ተጋፈጡ። የጥርሳቸው ችግርም አብሯቸው ዘመተ። በዚያን ጊዜ ከወለቁት ጥርሶቻቸው አንዳንዶቹ በሰው ሠራሽ ተተክተው ከቀሩት ጋር በቀጭን ሽቦ ታስረው ነበር።

በሜይ 1781 ኒውዮርክ አቅራቢያ ከነበረው ሰፈራቸው ሆነው ፊላደልፊያ ለሚገኘው የጥርስ ሐኪማቸው ለጆን ቤከር ደብዳቤ ጻፉ። የጥርሳቸውን ሽቦ የሚያጠብቁበት ትንሽ ጉጠትና ጥርሳቸውን የሚፍቁበት ብረት እንዲላክላቸው ጠየቁ፤ ወደ ፊላደልፊያ በቅርቡ የመምጣት ተስፋ እንደሌላቸውም ጨመሩ። ደብዳቤው ግን ቤከር ዘንድ አልደረሰም። እንግሊዞች ፖስታውን ጠልፈው ኒውዮርክ ላለው አዛዣቸው ለሄንሪ ክሊንተን አቀረቡት። በዚያ ሰሞን ከተጠለፉት ሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተደምሮ፣ ዋሽንግተን ከኒውዮርክ አካባቢ እንደማይነቃነቁ አዛዡን ሳያሳምነው አልቀረም። ከወራት በኋላ ዋሽንግተንና ፈረንሳውያን አጋሮቻቸው በፊላደልፊያ በኩል አልፈው ወደ ደቡብ ገሰገሱ። ኦክቶበር 19 ቀን 1781 በዮርክታውን የእንግሊዝ ጦር እጁን ሰጠ።

ታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ደብዳቤ የሚደነቁት ስለ ጦርነቱ ነው። እኔ እንደ ሐኪም የሚደንቀኝ የተጠየቀው ዕቃ ነው። ዋሽንግተን ጥርሳቸው ላይ የሚከማቸው ነገር መፋቅ እንዳለበት ተረድተው ነበር። የቸገራቸው፣ በገዛ እጃቸው በመስተዋት እያዩ ከድዱ በላይ ያለውን ብቻ መፋቅ መቻላቸው ነው። ጥርስ የሚጥለው ደግሞ ከድዱ በታች ያለው ነው።

ዛሬ በየከተማችን የጥርስ ክሊኒክ የሚሰጠው እጥበት ያንን ነው የሚሠራው። ባለሙያው በሚንቀጠቀጥ ጫፍና በእጅ መሣሪያ ድንጋዩን ከጥርሱ ላይ ያነሳል። የድዱ ኪስ ጥልቅ ከሆነ ቦታውን አደንዝዞ ሥሩን ጭምር ያጸዳል። በዚህ ሕክምና የተሸረሸረ አጥንት ባይመለስም መሸርሸሩ ይቆማል።

አንድ የተለመደ ስሞታ እዚህ ላይ መመለስ አለበት። ብዙ ሰዎች ጥርሳቸውን ካሳጠቡ በኋላ ክፍተት እንደተፈጠረባቸው፣ ስለዚህም እጥበት ጥርስ እንደሚያሳሳ ያምናሉ። እጥበት ጥርስ አያሳሳም። ቀድሞም አጥንቱ ወርዶ ነበር፤ ቦታውን ግን ያበጠው ድድና ድንጋዩ ሞልተውት ቆዩ። ድንጋዩ ሲነሳና እብጠቱ ሲጎድል የተደበቀው ክፍተት ብቅ ይላል። ክፍተቱን ያመጣው በሽታው ነው፤ እጥበቱ ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ይህን በመፍራት ሕክምናውን የሚያቋርጥ ሰው ክፍተቱን ሸሽቶ ጥርሱን ያጣል።

የዘጠኝ ጥርሶች ዋጋ

ከድሉ በኋላ ዋሽንግተን በዲሴምበር 1783 ሥልጣናቸውን አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ጥርሳቸውን ማከም የጀመረው ዣን ፒየር ለማየር የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ይህ ሰው ከአንድ ሰው አፍ የተነቀለ ጥርስ በሌላ ሰው አፍ ውስጥ በመትከል የታወቀ ሲሆን፣ የፊት ጥርሳቸውን ለሚሸጡ ሰዎች ለአንዱ 2 ጊኒ እንደሚከፍል በጋዜጣ ያስነግር ነበር።

የማውንት ቨርነን የሒሳብ መዝገብ በሜይ 1784 ለዚሁ ሐኪም ሥራ ሲባል በርስቱ በባርነት ለተያዙ ጥቁሮች ለ9 ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ እንደተከፈለ ይናገራል። ሲሰላ ለአንዱ ጥርስ የደረሰው ጋዜጣው ላይ ከተነገረው ዋጋ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ነው። በባርነት ላይ ያለ ሰው እምቢ የማለት ነጻነት የለውምና ይህን ሽያጭ ለማለት ይከብዳል። የነጻነት ጦር የመሩት ሰው ቤት መዝገብ ይህን ይዞ መገኘቱ ከሕይወታቸው ሊነጠል የማይችል እውነት ነው። ዋሽንግተን በኑዛዜያቸው በስማቸው የያዟቸው ባሮች ነጻ እንዲወጡ ያዘዙት ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይተው ነው።

ከሌላ ሰው አፍ የተወሰደ ጥርስ በአዲሱ ባለቤት አፍ ውስጥ አይዘልቅም፤ በሽታም ያስተላልፋል። ለማየር ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረውም። ጥርስን የሚያቆመው ድዱና አጥንቱ መሆኑን ለተረዳ ሰው፣ በታመመ ድድ ላይ አዲስ ጥርስ መትከል በሚፈርስ መሬት ላይ ምሰሶ እንደማቆም ነው። ይህ ሕግ ዛሬም አልተለወጠም። ኢምፕላንት የሚባለው በአጥንት ውስጥ የሚተከል ብረት እንኳን የድድ በሽታ ሳይታከም ከተተከለ በዙሪያው ያለው አጥንት ሊሸረሸር ይችላል።

አንድ ጥርስ የቀራቸው ፕሬዚዳንት

ኤፕሪል 30 ቀን 1789 ዋሽንግተን በኒውዮርክ ቃለ መሐላ ፈጽመው ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ዕድሜያቸው 57 ነበር። በአፋቸው ውስጥ የቀረው የራሳቸው ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ጆን ግሪንዉድ የተባለው የጥርስ ሐኪም ከጉማሬ ጥርስ ፈልፍሎ፣ የሰው ጥርስ ጨምሮበት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሠራላቸው። ለቀረችው አንዲት ጥርስ ማለፊያ ቀዳዳ ተወላት። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ከእንጨት የተሠራ ነበር እየተባለ የሚነገረው ትክክል አይደለም። እስከ ዛሬ ተጠብቀው ከቆዩት ውስጥ እርሳስ፣ የሰውና የእንስሳት ጥርስ ያለባቸው ሲሆኑ፣ ላይኛውና ታችኛው ክፍል በሞላ ተያይዘው ነበር። አፍ ለመክደን እንኳን መንጋጋን ማጥበቅ ያስፈልግ ነበር።

ይህ ምቾት የሌለው ዕቃ ከንፈራቸውን ወደ ውጭ እንደሚገፋና ያበጠ እንደሚያስመስለው ዋሽንግተን ለግሪንዉድ በደብዳቤ ቅሬታ አቅርበዋል። በ1796 ሠዓሊው ጊልበርት ስቱዋርት የሣላቸው ምስል፣ ኋላ በአንድ ዶላር ኖት ላይ የወጣው፣ ያንኑ የተጠበቀ አፍ ያሳየናል። በዚያው ዓመት የመጨረሻዋ ጥርስ ተነቀለች። ግሪንዉድም በትንሽ መያዣ ውስጥ አስገብቶ ለማስታወሻ አኖራት።

በ1797 ሥልጣን ለቀው ወደ እርሻቸው ቢመለሱም ሰው ሠራሽ ጥርሱን ለማስጠገን ከግሪንዉድ ጋር መጻጻፋቸውን ቀጠሉ። በ1798 መገባደጃ ሐኪሙ ጥርሱ የጠቆረው በወይን ጠጅ ምክንያት መሆኑን ገልጾ እንዴት ማጽዳት እንዳለባቸው መክሯቸዋል። በዲሴምበር 1799 በበረዶና በዝናብ ውስጥ በፈረስ እርሻቸውን ሲጎበኙ ውለው ገቡ። ጉሮሯቸው ተቆጥቶ መተንፈስ አቃታቸው። ሐኪሞቹም በዘመኑ ልማድ ከ2 ሊትር በላይ ደም አፈሰሱላቸው። ዲሴምበር 14 ቀን በ67 ዓመታቸው አረፉ።

ገንዘብም ሥልጣንም ትጋትም ያልጎደላቸው እኚህ ሰው ያጡት፣ ዛሬ ካዛንቺስ ላይ በቀጠሮ የሚገኝ ሕክምና ነው። በእርሳቸው ዘመን ለታመመ ድድ የነበረው ዋና መፍትሔ ጥርሱን መንቀል፣ ከዚያም ባዶውን መሙላት ነበር። እኛ ግን ከመሙላታችን በፊት በሽታውን ማዳን እንችላለን።

ዛሬ ያሉት አማራጮች

ክፍተቱን ይዞ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚሄድ ሰው በመጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግለታል። የድድ በሽታ ዋናው ነው። ከእርሱ ሌላ በኃይል ማሸት፣ የዕድሜ መግፋት፣ ጫፋቸው ሰፊ ሆኖ ወገባቸው የሚጠብ ጥርሶች፣ እንዲሁም ተደራርበው የነበሩ ጥርሶች በብሬስ መስተካከላቸው ክፍተቱን ሊያመጡ ይችላሉ። ሐኪሙ የድዱን ኪስ በቀጭን መለኪያ ይለካል፤ የአጥንቱን ከፍታም በራጅ ያያል።

ምክንያቱ የድድ በሽታ ከሆነ እጥበትና የሥር ጽዳት ይቀድማል። ከዚያ ድዱ እስኪረጋ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይጠበቃል። ድዱ ሳይድን የተሞላ ክፍተት ከሥሩ መበስበሱን ይቀጥላል። ድዱ ከዳነ በኋላ ያሉት ምርጫዎች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው መተው ነው። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ፣ ሰውየውን ካላስጨነቀውና ማጽዳት ከቻለ ምንም ማድረግ ግዴታ አይደለም። የዳነ ድድ ላይ ያለ ክፍተት በሽታ ሳይሆን ጠባሳ ነው።

ሁለተኛው በጥርስ ቀለም በተዘጋጀ ማስሞያ የጥርሶቹን ጎን ከድዱ አጠገብ ጥቂት ማስፋት ነው። ጥርስ ብዙ ሳይሞረድ፣ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ ያልቃል። ሥራው ለስላሳ ጠርዝ ሊኖረው ይገባል፤ ሻካራ ከሆነ ምግብ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ሊሸረፍ ወይም ቀለሙ ሊለወጥ ስለሚችል መታደስ ይኖርበታል። ጥርሱ ቀድሞም የተጎዳ ከሆነ በፊቱ ላይ ስስ ሽፋን መለጠፍ ወይም ሙሉ ልባስ ማልበስ ይቻላል። ይህኛው ዋጋው ከፍ ይላል፤ የሚሞረድ ጥርስም ስለማይመለስ በጥድፊያ አይወሰንም።

ሦስተኛው ብሬስ ነው። የጥርሶቹ ሥር ከተራራቀ ብሬሱ ያቀራርበዋል። ሐኪሙ የጥርሶቹን ጎን በጣም በጥቂቱ ሞርዶ ሲያቀራርባቸው የሚነካኩበት ነጥብ ወደ ድዱ ይጠጋል፤ ቀደም ሲል የጠቀስነው ርቀትም ያጥራል። ወራት የሚወስድና ክትትል የሚጠይቅ ሲሆን፣ የታመመ ድድ ላይ ግን አይጀመርም።

አራተኛው የድድ ቀዶ ሕክምና ነው። ከላንቃ ትንሽ ሥጋ ተወስዶ የሸሸውን ድድ መሸፈን በጥርሱ የፊት ገጽ ላይ ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በሁለት ጥርሶች መካከል ያለችውን የድድ ጫፍ መልሶ መገንባት ግን ከባድ ነው፤ ውጤቱም አስቀድሞ ቃል የሚገባበት አይደለም። ወደ ድዱ የሚወጋ መሙያ ፈሳሽም አለ። ለትንንሽ ክፍተት የሚሞከር፣ መደጋገም የሚፈልግና የሚጠፋ ነው። ብዙ ክፍተት ላለበት ሰው ደግሞ ድድ መስሎ የተሠራ፣ የሚወልቅ ቀጭን መሸፈኛ ይሠራለታል።

በቤት ውስጥ የሚደረገው ከእነዚህ ሁሉ ጋር አብሮ ይሄዳል። በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ማጽዳት፣ በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ በጥርሶች መካከል በሚገባ ትንሽ ብሩሽ ወይም በጥርስ ክር ማጽዳት ያስፈልጋል። ከክሩ ይልቅ ትንሿ ብሩሽ ለዚህ ክፍተት የተሻለች ናት። ምግብ በገባ ቁጥር በስቴኪኒ ድድን መውጋት፣ ከዚያም አልፎ በመርፌ ወይም በምስማር መቆፈር ጉዳቱን ያባብሳል። ሲጋራ የድዱን ደም ስለሚቀንስ በሽታው ሳይደማ ተደብቆ እንዲገፋ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር እናቶች ድዳቸው ሲደማ ልጁ እስኪወለድ መጠበቅ የለባቸውም፤ እጥበት በእርግዝና ጊዜ ይፈቀዳል።

በመጨረሻ ወደ መስተንግዶ ኃላፊዋ ልመለስ። ድካምና በፍጥነት የሸሸ ድድ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪም ሊያስብ የሚገባው አንድ ነገር አለ። የደም ስኳራቸው ሲመረመር ከፍ ብሎ ተገኘ። ከዚያ ቀን በፊት የስኳር ሕመም እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ከፍ ያለ ስኳር የድድ በሽታን ያፋጥናል፤ የታመመ ድድም ስኳርን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። መድኃኒት ጀመሩ፣ ወደ ጥርስ ሐኪምም ላክኋቸው። ከእጥበቱ በኋላ ክፍተቱ ሰፍቶ ስለታያቸው ደንግጠው ተመልሰው መጡ፤ ምክንያቱን ተነጋገርን። ከሦስት ወር በኋላ ድዳቸው መድማቱን ሲያቆም ሁለቱን ክፍተቶች በማስሞያ አስዘጉ፤ ሦስተኛውን ትንሽ ስለሆነ ተዉት። ለክትትል ሲመጡ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በመስተዋት ስታዩ ከድዳችሁ አጠገብ ያልነበረ ክፍተት ካያችሁ፣ ስታጸዱ ደም ካያችሁ፣ ጥርሳችሁ ከተነቃነቀ ወይም ከቦታው ከተንቀሳቀሰ፣ እስኪያማችሁ አትጠብቁ። ወደ ጥርስ ሐኪም ሂዱ፤ ስኳራችሁንም አስመርምሩ። መጀመሪያ ክፍተቱ ለምን እንደተከፈተ ጠይቁ፤ መሙላቱ ቀጥሎ ይደርሳል።